የኮሪያ መስመር እንዴት የማይሻገሩት ድንበር ሆነ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ኮሪያ ጦርነት ነው። ኮሪያ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ እዚያ ወደዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ይሮጣል፤ እሱንም ሳናነሳ አናልፍም። ዋናው ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። ሺህ ዓመት ያህል በአንድ መንግሥት ሥር የኖረ፣ በአንድ ቋንቋ የሚናገር፣ በአንድ ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ እንዴት ለሁለት ተከፈለ? ተኩስ ከቆመ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖትስ መከፈሉ ስለምን እየጠነከረ ሄደ? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ታላላቆቹ መንግሥታት ከፋፈሏቸው የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ የሚያስረዳው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታላላቆቹ የተከፋፈሏቸው ሌሎች አገሮችም ነበሩ። ኦስትሪያ አራት መንግሥታት ይዘዋት ቆይተው በ1955 ለቀቁላት። ጀርመን በ1990 ተዋሐደች። ኮሪያ ስለምን እንደነሱ አልሆነላትም ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው ልዩነት ጦርነቱን ነው። መስመሩን ያሰመሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ የማይሻገሩት ያደረገው ግን ከ1950 እስከ 1953 የተካሄደው ጦርነትና ጦርነቱ ሳይቋጭ የቆመበት መንገድ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመስመሩ እንጀምር። በ1945 ኦገስት ወር፣ በ10ኛውና በ11ኛው ቀን መካከል ባለው ሌሊት፣ ዋሽንግተን ውስጥ ዲን ረስክና ቻርልስ ቦንስቲል የሚባሉ ሁለት ኮሎኔሎች አንድ ሥራ ተሰጣቸው። ጃፓን እጅ ልትሰጥ ነው። የሶቪየት ጦር በሰሜን በኩል ኮሪያ መግባት ጀምሯል፤ የአሜሪካ ወታደር ደግሞ ገና ኦኪናዋ ደሴት ላይ ነው። ስለዚህ የጃፓንን ጦር በየትኛው ወገን ማን ትጥቅ እንደሚያስፈታ የሚለይ ወሰን ባስቸኳይ ያስፈልግ ነበር። መኮንኖቹ የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ በእጃቸው የነበረው ደግሞ የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ነው። ዋና ከተማዋ ሴኡል በአሜሪካ ወገን እንድትቀር ብለው 38ኛውን ኬክሮስ መረጡ፤ ሞስኮም ያለ ክርክር ተቀበለችው። አንድም ኮሪያዊ አልተጠየቀም። መስመሩ ተራራ አይከተል፣ ወንዝ አይከተል፣ የአውራጃ ወሰን አያውቅ። 12 ወንዞችን፣ ከ75 በላይ ጅረቶችንና 6 የባቡር መስመሮችን ቆርጦ ያልፋል። በምዕራብ ያለው የኦንግጂን ልሳነ ምድር ለደቡብ ተሰጠ፤ ነገር ግን ከደቡብ ተነስቶ በሰሜን ግዛት ሳያልፉ እዚያ ለመድረስ በባሕር ከመሄድ በቀር መንገድ አልነበረም። ጃፓኖች ከባድ ፋብሪካዎቻቸውንና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦቻቸውን የሠሩት በሰሜን ነው፤ ሩዙ የሚመረተውና ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚኖረው በደቡብ ነው። በሜይ 1948 ሰሜኑ ማብሪያ ማጥፊያውን ሲጫን የደቡብ ከተሞች ጨለማ ዋጣቸው። እንዲህ ያለ ወሰን ለጥቂት ወራት ካልሆነ ለዘለቄታ ይኖራል ብሎ ያኔ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በአማርኛ ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን። ስለ ኮሪያ ሲወራ ይህ ተረት ቶሎ ይመጣል፤ ጥፋቱን ሁሉ ከደጅ ስለሚያውለው ያጽናናል። ሣር ግን ጠመንጃ አያነሳም። በ1945 ኮሪያ ውስጥ ለማንሳት የተዘጋጁ፣ ምክንያትም ያላቸው ሰዎች ሞልተው ነበር። ጃፓን ከ1910 ጀምሮ ለ35 ዓመት ስትገዛ ኖራ የሄደችው ቂም ዘርታ ነው። አብዛኛው ገበሬ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ከባለመሬቱ፣ ከፖሊሱና ከመዝገብ ቤት ጸሐፊው ብዙው ከገዢው ጋር የሠራ ነው። በሌላ በኩል በማንቹሪያ ጫካ የሸፈቱ፣ ቻይና ተሰድደው የስደት መንግሥት ያቆሙ፣ በእስር የማቀቁ አሉ። ጃፓን በወደቀች ሰሞን በየወረዳው ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ ጸጥታውንም እህሉንም መቆጣጠር ጀመረ። በሰሜን ሶቪየቶች ኮሚቴዎቹን እንዲቀጥሉ አድርገው ቀስ በቀስ የራሳቸውን ሰዎች አስገቡባቸው፤ በማርች 1946 ደግሞ መሬት ላራሹ ታወጀና በአንድ ወር ውስጥ መሬቱ ተከፋፍሎ አለቀ። በደቡብ የአሜሪካ ወታደራዊ አስተዳደር ለኮሚቴዎቹ ዕውቅና ነፈገ፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው አጣሁ ብሎም ለጃፓን ያገለገለውን ፖሊስ መልሶ ቀጠረ። ስለዚህ የመሬት ጥያቄውና የባንዳ ጥያቄው፣ ሁለቱም የኮሪያውያን የራሳቸው ጥያቄ የነበሩት፣ በኬክሮሱ ሰሜን አንድ ዓይነት መልስ፣ በደቡብ ሌላ ዓይነት መልስ አገኙ። በሰሜን መሬቱን የተነጠቀው ወደ ደቡብ ሸሸ፤ በደቡብ ፖሊስ ያሳደደው ወደ ሰሜን ሄደ። መስመሩ ሰውን በአቋሙ እየለየ ማበጠር የጀመረው እንዲህ ነው።

ይህ ማለት ግን መካከለኛ መንገድ የሚፈልግ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ፤ በጥይት አለቀ እንጂ። ግራና ቀኙን ለማስማማት ይደክም የነበረው ዮ ኡን ሂዮንግ በጁላይ 1947 ሴኡል ውስጥ ተገደለ። የስደት መንግሥቱ መሪ የነበሩት ኪም ኩ የለየላቸው ፀረ ኮሚኒስት ነበሩ፤ ሆኖም በደቡብ ብቻ ምርጫ ከተደረገ አገሪቱ ትከፈላለች ብለው በኤፕሪል 1948 ፒዮንግያንግ ድረስ ሄደው ተነጋገሩ። ምርጫው በሜይ በደቡብ ብቻ ተደረገ። በኦገስት በሲንግማን ሪ ፕሬዚዳንትነት የኮሪያ ሪፐብሊክ ታወጀች፣ በሴፕቴምበር ኪም ኢል ሱንግ በሰሜን የራሱን መንግሥት አወጀ፣ ኪም ኩም በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ በአንድ የጦር መኮንን ተገደሉ። ጄጁ በምትባለው ደሴት ከዚያው ምርጫ ጋር በተያያዘ ኤፕሪል 3 ቀን 1948 የተነሳው አመፅ ሲደመሰስ ከ25 እስከ 30 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከደሴቲቱ ነዋሪ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው የኮሪያ ጦርነት ጀመረ ከሚባልበት ቀን በፊት ነው።

ታዲያ አንድ አድማጭ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጦርነቱን ማን ጀመረ የሚለውን ልታድበሰብስ ነው ወይ ሊለኝ ይችላል። አልፈልግም፤ የሚያድበሰብስ ነገርም የለም። ጁን 25 ቀን 1950 እሑድ ንጋት ላይ 38ኛውን ኬክሮስ ጥሶ የገባው የሰሜን ኮሪያ ጦር ነው። ለብዙ ዓመታት ደቡብ ነው የጀመረው የሚል ክርክር ሲቀርብ ኖሯል፤ በ1990ዎቹ የሞስኮ መዛግብት ሲከፈቱ ክርክሩ ተዘጋ። ኪም ኢል ሱንግ በ1949 ደቡብን ለመውረር ደጋግሞ ፈቃድ ጠየቀ፣ የሶቪየቱ መሪ ስታሊንም ከለከለው። በ1950 መጀመሪያ ላይ ስታሊን ሐሳቡን ለወጠ፤ ኤፕሪል ላይ ኪምን ሞስኮ አስጠርቶ የቻይናው መሪ ማኦ ከተስማማ ቀጥል አለው፣ ማኦም በሜይ ተስማማ። ቻይና ኮሚኒስት ሆናለች፤ ሶቪየት አቶሚክ ቦምብ ሠርታለች፤ የአሜሪካ ጦርም በ1949 ደቡብን ለቅቆ ወጥቷል። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቸሰን በጃንዋሪ 1950 ባደረጉት ንግግር አገራቸው የምትከላከለውን መስመር ሲዘረዝሩ ኮሪያን አልጠሩም። እርግጥ ሲንግማን ሪም ወደ ሰሜን እንዝመት እያሉ ይወተውቱ ነበር፤ አሜሪካ ታንክና ተዋጊ አውሮፕላን የነፈገቻቸውም ይህንኑ ፈርታ ነው። የወረራው ኃላፊነት የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ወረራው ስለምን በሰዓታት ውስጥ ወንድም ከወንድም የሚተራረድበት ጦርነት ሆነ የሚለውን ግን የሞስኮ ቴሌግራም አይመልስልንም። እሱን የሚመልስልን ከ1945 እስከ 1950 የሆነው ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በተባበሩት መንግሥታት በኩል ነው። ሶቪየት ኅብረት የቻይና መቀመጫ ለኮሚኒስቶቹ አልተሰጠም ብላ ከጸጥታው ምክር ቤት ርቃ ስለነበር፣ ድምፅን በድምፅ የሚሽር ሳይኖር ምክር ቤቱ ለደቡብ እርዳታ እንዲሰጥ ወሰነ። በ1936 ጄኔቫ ላይ ስለ ወረራ አቤት ብለው ሰሚ ያጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለተወረረ አገር ዓለም በጋራ ይቁም የሚለውን ቃል በተግባር ለማየት ምክንያት ነበራቸው። በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጂቡቲ በኩል ወደ ፑሳን አቀና። በጦርነቱ ጊዜ በየተራ የዘመቱት ከ3 ሺህ 500 በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ ተሰዉ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ኋላ ደርግ ሲመጣ ኮሚኒስት የወጉ ተብለው ዘማቾቹ ገሸሽ ተደረጉ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የኪም ኢል ሱንግ ወዳጅ ሆኑ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በአፍንጮ በር በኩል የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፤ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች እጅ ያለበት የትግላችን ሐውልትም እዚያው ከተማ ውስጥ ቆሟል። የኮሪያ መከፈል በእኛው ከተማ ሁለት ሐውልት አቁሟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። የተባበሩት መንግሥታት ጦር የተወረረን አገር ካዳነ፣ ጦርነቱን ሕዝብ ከፋፋይ ማለት የተከላካዩን ሥራ ማራከስ አይሆንም ወይ? አይሆንም፤ ምክንያቱም የ1950 ጦርነት አንድ ዓላማ ብቻ ይዞ አልቀጠለም። ሴፕቴምበር 15 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር ኢንቾን ላይ ጦር አውርዶ የሰሜኑን ሠራዊት ከኋላ ሲቆርጥ ወረራው ከሸፈ። መከላከሉ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ከኦክቶበር መጀመሪያ አንሥቶ ግን የደቡብና የአሜሪካ ጦር ኬክሮሱን ተሻግሮ ሰሜኑን ጠቅልሎ አንድ አገር ለማድረግ ተነሳ፤ ፒዮንግያንግን ያዘ፣ የቻይና ወሰን ወደሆነው ወደ ያሉ ወንዝም ተጠጋ። በዚያው ወር የቻይና ጦር ወንዙን ተሻገረ፤ በዲሴምበር የተባበሩት መንግሥታት ጦር በበረዶ ውስጥ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከሁንግናም ወደብ ብቻ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሲቪል በመርከብ ወጣ፤ ሜሬዲዝ ቪክቶሪ የተባለች አንዲት የጭነት መርከብ 14 ሺህ ሰው አሳፍራለች። እንግዲህ በስድስት ወር ውስጥ አገሪቱን በጉልበት አንድ ለማድረግ ሁለት ጊዜ ተሞከረ፤ አንዴ ከሰሜን፣ አንዴ ከደቡብ። ሁለቱም ከሸፉ። ከዚህ በኋላ አንድነት የሚለው ቃል በሁለቱም ወገን ጆሮ ሌላኛው ሊውጠኝ ነው ማለት ሆነ። የቃኘው ወታደሮች የደረሱት በሜይ 1951፣ ግንባሩ ወደ ኬክሮሱ አካባቢ ተመልሶ መቆም በጀመረበት ጊዜ ነው፤ የተከላከሉት ሕዝብ መኖሩና የጦርነቱ ዓላማ መሐል ላይ መለወጡ አብረው የሚሄዱ እውነቶች ናቸው።

የከተማ ሰው ይህን እንዴት እንዳየው ለማወቅ ሴኡልን ማየት ይበቃል። ሴኡል በዘጠኝ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተዛውራለች፤ ጁን 28 የሰሜን፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ የደቡብ፣ በጃንዋሪ 1951 የሰሜንና የቻይና፣ በማርች እንደገና የደቡብ። ስለ ሬዲዮ ኃላፊነት ማሰብ የሚወድ ሰው የመጀመሪያዋን መውደቅ ልብ ይበል። ጁን 27 ማታ ሕዝቡ እንዲረጋጋ የሚያሳስበው የፕሬዚዳንት ሪ ድምፅ በሬዲዮ ሲሰማ፣ ፕሬዚዳንቱ ከሴኡል ከወጡ ሰዓታት አልፈው ነበር። ያንኑ ሌሊት፣ እኛ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ በምንለው ጊዜ፣ የራሳቸው ጦር የሃን ወንዝን ድልድይ ሰዎች እየተሻገሩበት ሳለ አፈነዳው። በሬዲዮ የሰማውን አምኖ የተቀመጠ፣ ወይም ድልድይ አጥቶ የቀረ ነዋሪ፣ ሦስት ወር በሰሜኑ አስተዳደር ሥር ኖረ፤ ሥራ ሄደ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ሩዝ አስረክብ ተባለ። በመከር መንግሥቱ ሲመለስ ወንዙን ተሻግሮ የሸሸው አርበኛ ሆኖ፣ የቀረው ተባባሪ ተብሎ ተጠረጠረ። በዚያው በጋ የደቡብ መንግሥት የቀድሞ ግራ ዘመሞች ናችሁ ብሎ የመዘገባቸውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳይፈረድባቸው ረሽኗል፤ የሰሜን ጦርም ሲይዝና ሲያፈገፍግ ባለሥልጣኑን፣ ፖሊሱን፣ ቄሱን ገድሏል። ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቁሟል። ለዚህ ነው ጦርነቱ የውጭ ሰዎች ያሰመሩትን መስመር ወደ ሰፈር፣ ወደ ግቢ ያወረደው የምለው። ከዚያ በፊት በ38ኛው ኬክሮስ ላይ የነበረው ጉዳይ በ1951 በሁለት ጎረቤታሞች አጥር ላይ ነበር።

በሰሜን የቀረው ጠባሳ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ነው። አሜሪካ በሦስቱ ዓመት ኮሪያ ላይ ከ32 ሺህ ቶን በላይ ናፓልምና 635 ሺህ ቶን ቦምብ ጥላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመላው የፓስፊክ ግንባር ከጣለችው ይበልጣል። የሰሜን ከተሞች አብዛኞቹ ፈርሰው አመድ ሆኑ፤ በመጨረሻው ዓመት የመስኖ ግድቦች ሳይቀሩ ተመቱ፤ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ከመሬት በታች ገባ። በጠቅላላው ጦርነቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ሲቪል ነው። የፒዮንግያንግ መንግሥት ይህን ትዝታ ለሥልጣኑ ማቆያ አድርጎታል፣ እውነት ነው። የተቀጠቀጠ ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ግን ስብከቱ ጆሮ አያገኝም ነበር።

የተኩስ አቁም ድርድሩ የተጀመረው በጁላይ 1951 ነው፤ የተፈረመው ጁላይ 27 ቀን 1953 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እየተነጋገሩ ይታኮሱ ነበር ማለት ነው። ዋናው መሰናክል ምርኮኛ ሁሉ ይመለስ ወይስ የፈለገ ብቻ ይመለስ የሚል ክርክር ነው፤ ስታሊንም ጦርነቱ መጎተቱን አልጠላውም። እሱ በማርች 1953 ሲሞት ነገሩ ተፈታ። የተፈረመው ሰነድ በጦር አዛዦች መካከል የተደረገ ተኩስ አቁም ነው፤ ደቡብ ኮሪያ አልፈረመችም፣ ሲንግማን ሪ አሻፈረኝ ብለዋልና። ስምምነቱ ራሱ በሦስት ወር ውስጥ የፖለቲካ ጉባኤ ተጠርቶ ጉዳዩ በሰላም እንዲቋጭ ይመክራል። ጉባኤው በ1954 ጄኔቫ ላይ ተደረገ፣ ጦር ካዘመቱት አገሮች አብዛኞቹ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ተገኙበት፤ ያለ ውጤትም ተበተነ። ስለዚህ አራት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ከጦር ነፃ የተባለ ቀጠና በዓለም ላይ ጦር ከታጨቀባቸው ወሰኖች አንዱ ሆኖ ቀረ። አዲሱ ወሰን በጥይት የተሠራ ስለሆነ ከአሮጌው ጋር እንኳ አይገጥምም፤ ከኬክሮሱ በታች የነበረችው ኬሶንግ ወደ ሰሜን ተካተተች፣ በላይ የነበረችው ሶክቾ ወደ ደቡብ።

አሁን ከጀርመን ጋር እናስተያይ፤ መከራከሪያዬ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጀርመንም ለሁለት ተከፍላ ነበር፤ በርሊን ላይ ግንብ ቆመ፣ ሊሻገሩ የሞከሩ ተገደሉ። ነገር ግን ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን እርስ በርስ አልተዋጉም። በዚህ ምክንያት ደብዳቤና የስጦታ ጥቅል ይመላለስ ነበር። ከ1964 ጀምሮ የምሥራቅ ጡረተኞች ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ምዕራብ መሄድ ይፈቀድላቸው ነበር። የምዕራቡን ቴሌቪዥን አብዛኛው የምሥራቅ ቤተሰብ ቤቱ ተቀምጦ ያየው ነበር። በ1972 ሁለቱ መንግሥታት በውል ተዋወቁ። በኮሪያ ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም፣ የጡረተኛ ጉብኝት የለም። በ1953 እናቱን ሰሜን ትቶ የመጣ ወጣት በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ አርጅቷል። ሁለቱን አገሮች የከፈሏቸው በዋናነት ያው ተመሳሳይ ኃያላን ናቸው፤ ልዩነቱ መሐል ላይ የፈሰሰው ደም ነው። አንዳንዶች ልዩነቱ የሰሜን አገዛዝ ክፋት ነው ይላሉ። አገዛዙ ከምሥራቅ ጀርመን የባሰ ዝግ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን በ1950ዎቹ እና በ1960ዎቹ ደቡብም ከሰሜን ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍን ሰው በ1948 በወጣው የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ያስር ነበር። በሩ የተዘጋው ከሁለት ወገን ነው።

የተለያዩ ቤተሰቦች ጉዳይ ከሁሉ በላይ ልብ የነካው በ1983 ነው። የኮሪያ ብሮድካስቲንግ ሲስተም የተባለው የሴኡል ጣቢያ ጁን 30 ማታ በጦርነቱ የተጠፋፉ ዘመዶችን የሚያፈላልግ የ95 ደቂቃ ፕሮግራም አዘጋጀ። ሰዉ አልተወው አለ። ፕሮግራሙ 138 ቀን ቀጠለ፤ 453 ሰዓት ተላለፈ። የጣቢያው ግድግዳ፣ አደባባዩ፣ የእግረኛው መንገድ ሳይቀር በወረቀት ተሸፈነ፤ የሰፈር ስም፣ የአባት ስም፣ በግንባር ላይ ያለ ጠባሳ፣ በየትኛው ባቡር ጣቢያ እጅ ለእጅ እንደተላቀቁ። በስቱዲዮ ውስጥ አንዱ ከሴኡል፣ ሌላው ከሌላ ከተማ በቀጥታ እየተያዩ ይጠያየቃሉ፤ ጠባሳው የምን ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ምን ዛፍ ነበር። ከአሥር ሺህ በላይ ቤተሰቦች ተገናኙ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ በደቡብ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት፣ 30 ዓመት ሳይተዋወቁ የኖሩ ናቸው። ወደ ሰሜን ያለው መስኮት የተከፈተው በ1985 ለጥቂት ሰዎች፣ ከዚያም ከ2000ው የመሪዎች ጉባኤ በኋላ ነው። እስከ 2018 ድረስ 21 ዙር መገናኘት ተደርጓል፤ የታደለው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ 12 ሰዓት ገደማ ከወንድሙ ጋር ተቀምጦ ይለያይ ነበር፣ ዳግም ላይገናኝ። በደቡብ የተመዘገቡት ከ130 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ከ40 ሺህ በታች ናቸው።

ዘመዱ ወደ ማዶ የሄደ ሰው የናፍቆቱ አንሶ ቅጣትም ነበረበት። በደቡብ አባቱ ወይም አጎቱ ወደ ሰሜን የሄደ ልጅ የመንግሥት ሥራ፣ የመኮንንነት ማዕረግ፣ የውጭ አገር ፓስፖርት ሲጠይቅ መዝገቡ ይታይ ነበር፤ ይህ አሠራር በሕገ መንግሥት የተከለከለው በ1980 ነው። በሰሜን ደግሞ ዘመዱ ወደ ደቡብ የሸሸ ቤተሰብ በመንግሥት የዜጎች ደረጃ ምደባ ከታች ተመድቦ የልጅ ልጁ ሳይቀር ትምህርትና የመኖሪያ ቦታ ይወሰንበታል። ለገዢዎቹ ጦርነቱ ሳይቋጭ መቆየቱ ጠቃሚ ሆኖ ነበር። ማስረጃው 1972 ነው። በጁላይ ሁለቱ መንግሥታት አንድነትን በሰላም እናመጣለን የሚል የጋራ መግለጫ አወጡ። በዲሴምበር 27፣ በዚያው በአንድ ቀን፣ በሴኡል ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ሥልጣናቸውን ያለ ገደብ የሚያራዝም ሕገ መንግሥት አወጁ፣ በፒዮንግያንግም ኪም ኢል ሱንግን ርእሰ ብሔር ያደረገ ሕገ መንግሥት ወጣ። ሁለቱም ለሕዝባቸው ያቀረቡት ምክንያት ያው የማዶው ጉዳይ ነበር።

የደቡብ ብልጽግናስ ይባላል፤ ጦርነቱ ባይኖር ያ ሁሉ ይገኝ ነበር ወይ? ባጭሩ ልመልስ። ደቡብ መዳኑ ለኋላው ዕድገቱ መሠረት ሆኗል። ዕድገቱ ግን ከጦርነቱ በኋላ ወዲያው አልመጣም፤ እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ሰሜኑ በኢንዱስትሪ ይቀድም ነበር፣ ደቡብም የሚዘልቅ እውነተኛ ምርጫ ያገኘው በ1987 ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ሀብቱም ቢሆን ክፍፍሉን አልፈታውም፤ የደቡብ ወጣት ወንድ ዛሬም ትምህርቱን አቋርጦ ለብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል፤ 28 ሺህ 500 የአሜሪካ ወታደርም አገሩ ላይ አለ።

በመጨረሻ የሚቀርበው ክርክር አዲስ ነው። በ2023 መጨረሻ የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኡን ሰሜንና ደቡብ ከእንግዲህ ሁለት ጠላት አገሮች ናቸው፣ አንድነት የሚባል ነገር የለም አለ፤ በጃንዋሪ 2024 አባቱ ፒዮንግያንግ መግቢያ ላይ ያስቆሙት የአንድነት ቅስት ፈረሰ፣ በኦክቶበር ደግሞ ከደቡብ ጋር የሚያገናኙት መንገዶች በፈንጂ ተቆረጡ። በደቡብም ብዙ ወጣት፣ ይሁን፣ ሁለት አገር ሆነን በሰላም እንኑር ይላል። ሐሳቡ በራሱ የሚናቅ አይደለም፤ ሁለቱ ጀርመኖችም መጀመሪያ እንደ ሁለት መንግሥት ተቀባብለው ነው በሩን ያሰፉት። ነገር ግን የፒዮንግያንጉ አዋጅ ከ1972ው የጀርመኖች ውል ጋር የሚመሳሰለው በስሙ ብቻ ነው። የጀርመኖቹ ውል ዘመድ ዘመዱን እንዲጎበኝ፣ ስልክ እንዲደወል መንገድ አስፍቷል፤ የፒዮንግያንጉ ግን መንገዱን አፈንድቷል። ደቡብም በሕገ መንግሥቱ ሦስተኛ አንቀጽ መላው ልሳነ ምድር ግዛቴ ነው ይላል፤ ሰሜናዊ ስደተኛ በደቡብ ምድር ሲደርስ ዜጋ ሆኖ የሚመዘገበው በዚሁ መሠረት ነው፣ እስካሁንም ከ34 ሺህ በላይ ሰው በዚህ መንገድ ገብቷል። አንቀጹ ይለወጥ ቢባል የእነዚህ ሰዎች መብት በምን ይተካል የሚለው ጥያቄ ሴኡል ውስጥ ገና መልስ አላገኘም። የ1953ቱ ተኩስ አቁም በሰላም ውል እስካልተተካ ድረስም፣ ሁለት አገር ነን ማለት በሕግ ፊት ጦርነት ላይ ያሉ ሁለት አገሮች ነን ማለት ነው።